ሻይ ቤት ተቀምጬ የወለድኳቸው ሰባት ልጆች

እኔ ውሸታም አይደለሁም። ውሸታም ሁሉ እንዲህ ብሎ እንደሚጀምር እያወቅሁ ነው የምናገረው። እናቴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ማንጎና አቮካዶ ስትሸጥ የበሰበሰውን ከታች ደብቃ ደህናውን ከላይ የምትደረድር ሴት አይደለችም፤ እኔም በእሷው እጅ ያደግሁ ነኝ። ግን አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ደጋ ላይ ባለችው ጨንቻ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰባት ልጆች ወለድኩ። ሰባቱንም በእስክሪብቶ።

ያኔ በግብርና ኢኮኖሚክስ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ዲግሪዬ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ በየማለዳው የእናቴን ቅርጫት ተሸክሜ ገበያ እወርዳለሁ። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር «እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?» ይለኛል፤ አልያዝኩም፣ ምን ላድርግ! በዚህ መሃል ነው ዶክተር ሙሉጌታ መረጃ ሰብሳቢዎች እንደሚፈልግ የሰማሁት። ዶክተር ሙሉጌታ የጎጃም ሰው ነው፤ አርባ ምንጭ መጥቶ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላውም ጋሞኛው ከሰላምታና ከጥቂት ቃላት አላለፈም። ጥናቱ በጋሞ ደጋ ላይ ነበር። ቤተሰብ እየበዛ፣ መሬት እየተሸነሸነ ሲሄድ ሰው ምን እየበላ ይኖራል የሚል ነው። ስድስት ሆነን ተቀጠርን፤ ለያንዳንዳችን አርባ አርባ ቤት ደረሰን። ታብሌት ይመጣል ተብሎ ነበር፣ አልመጣም፤ ስለዚህ ወረቀት ታቅፈን ወጣን።

ደመወዙ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። ዶክተሩ ሥራው ሲያልቅ ከስድስታችን አንዳችንን በረዳትነት ሊያስቀር፣ የቀረው ሰውም ሁለተኛ ዲግሪውን በነፃ ሊማር ነው። ያቺን ቦታ በጣም ፈለግኋት። ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ራሴን አየው ነበር።

ሠላሳ ዘጠኙን ቤት በእግሬ ዳክሬ፣ ጭቃ ለብሼ፣ በእውነት ሞላሁ። አርባኛው ቤት ከወንዝ ማዶ አቀበቱ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ነበር። ዓርብ ዕለት ልሄድበት ስል ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ሞላ። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ይሰበሰባል። አንድ የጎደለባት ደግሞ ያቺን ቦታ አታገኛትም ብዬ ለራሴ ወሰንኩ፤ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ሻይ አዘዝኩና ወረቀቱን ዘረጋሁ። ከቀበሌው ዝርዝር ላይ የአባወራው ስም አለኝ፤ አቶ ማዴ ሻንቆ። ሌላውን ከየት ላምጣ? ክፍል ውስጥ አራት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ድቅን አለብኝ። ሰው ይበዛል፣ መሬት አይበዛም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ ሰባት ልጆች፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ ሰው። መሬት ሩብ ሄክታር። ትናንት የበሉት ሁለት ጊዜ፣ ቆጮ በጎመን። ባለፈው ወር ሳይበላ የተኛ ልጅ አለ ወይ? አለ። የመጨረሻዋን የሁለት ዓመት ልጅ አደረግኋትና አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «በጣም ከስታለች» ብዬ ጻፍኩ። ብታምኑም ባታምኑም፣ ጽፌ ስጨርስ አዘንኩላት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የኔም ብዙ አልቆየም። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ዶክተር ሙሉጌታ ቢሮው አስጠራኝ። ቦታዋን ሊሰጠኝ ነው ብዬ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ መጠይቅ ለብቻው ተቀምጧል፤ አርባኛው።

ከሁለት መቶ አርባው ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ አላየሁም አለኝ። ቤተሰብ፣ መሬት፣ ረሃብ፣ የትምህርቱ መጽሐፍ እንደሚለው አንዱ ካንዱ ተያይዞ ቁጭ ብሏል። ሪፖርቱን በዚህ ቤት ታሪክ ሊጀምር አስቧል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ምሕረት፣ እነዚህ ልጆች ከዓይኔ ሊጠፉ አልቻሉም። ትንሿ በተለይ። ነገ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ» አለኝ።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ማለዳ መኪናዋ ሲቀላ ስትደርስ ከኋላ አንድ ከረጢት ዱቄት ተጭኗል። ከኪሱ የገዛው ነው። ዳገቱን እየወጣን ያላመጣሁት ምክንያት የለም። መንገዱ ተበላሽቷል አልኩ፤ መኪናዋ እስክትቆም እንሄዳለን አለ። ገበያ ወጥተው ይሆናል አልኩ፤ እንጠብቃቸዋለን አለ። ሙዝ እርሻ ሥራ ፍለጋ ቆላ ላንቴ ወርደው እንዳይሆን አልኩ፤ «ሰባት ልጅ ይዘው?» ብሎ አየኝ። ከታች አባያ ሐይቅ ጉም ውስጥ አንዴ ታየ አንዴ ተሰወረ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱን ከፍቼ አየው ነበር።

መኪናዋ ወንዙ ጋ ቆመች፤ ሾፌሩም ከእሷው ጋር ቀረ። ዶክተሩ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዙን ተሻገረና አቀበቱን ጀመረ። ወፍራም ሰው ነው፤ ደጋው ትንፋሹን ቆራረጠው። ላግዝዎት ብለው እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ «ዶክተር...» አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ የደከመኝ መስሎት «እንረፍ?» አለኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አረፍን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ቤቱ ታየ።

ከቀርከሃ የተሠራ የቆየ ቤት ነው። ከጀርባው ያለው እንሰት እንደ ጫካ ጥቅጥቅ ብሎ ከቤቱ በላይ ወጥቷል። የልጅ ድምፅ የለም፣ የተሰጣ የልጅ ልብስም የለም። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ወጡ፤ አቶ ማዴ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ተከተሏቸው። እጆቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል።

ዶክተሩ እጅ ነስቶ ዙሪያውን አየና፣ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠይቂልኝ አለኝ። ሁለቱ አማርኛ አይችሉም። እሱ ጋሞኛ አይችልም። መሃላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠብኝ። ወደ ሽማግሌው ዞሬ በጋሞኛ «እንዴት ከረማችሁ፣ ዝናቡ አልጎዳችሁም?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለታችንም አለን» አሉኝ። ወደ ዶክተሩ ዞርኩና፣ «ትምህርት ቤት ሄደዋል ይላሉ» አልኩ።

«ትንሿም?»

የሁለት ዓመቷን ረስቻት ነበር! ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከእህቷ ጋር ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች አልኩ።

ገብተን ተቀመጥን። ወይዘሮ ዘነበች የተቀቀለ ድንች ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረቡ። ዶክተሩ አልነካም። ቀስ ብሎ በጆሮዬ «የልጆቹን ምሳ እንዴት እበላለሁ?» አለኝ። ሴትዮዋ ደግሞ እንግዳ ቤታቸው ገብቶ አልበላም ማለቱ ከፋቸውና፣ ሰውየው ታሟል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሆዱን አሞታል አልኩ። እንግዲህ ወዲያም ወዲህም እየዋሸሁ ነው፤ የቱን ለማን እንደነገርኩ እየጠፋብኝ ሄደ።

ከዚያ ዶክተሩ ከረጢቱን መሃል ወለሉ ላይ አመጣና ለልጆቹ መሆኑን እንድነግራቸው አዘዘኝ። ስጦታ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ከዚያች ትንሽ ጋሞኛው ውስጥ «ልጆች» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ፈገግ ብሎ ዱቄቱን እያሳየ ራሱ ተናገራት።

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው እኔን አዩኝ። «የትኞቹ ልጆች?» አሉኝ አቶ ማዴ። እኔ ሌላ ውሸት ስፈልግ እሳቸው ራሳቸው መልሱን አገኙት፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ልጄ፣ ቤት ተሳስታችኋል» አሉኝ በጋሞኛ። «እዚህ ልጅ የለም። የወለድናቸው ሁለቱ ካደጉ ቆዩ፤ ወንዱ አዲስ አበባ ሸማ ይሠራል፣ ሴቷ ታች ላንቴ ናት። ይህ እህል የተራቡ ልጆች ላሉበት ቤት የመጣ ነው። ባልወለድነው ልጅ ስም ብንበላው ጎሜ ነው።»

ጎሜ ለጋሞ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ነውር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ያጠፋው ጥፋት ለቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለእርሻው ይተርፋል። እስኪናገረውና እስኪያስተካክለው ድረስ አይለቀውም። እናቴ ስትቆጣኝ ከዱላዋ ይልቅ ይህችን ቃል ነበር የምፈራው።

አቶ ማዴ ወደ ውጭ አንጋጠው ሰማዩን አዩ። ደመናው ጠቁሯል። በትራቸውን ለሚስታቸው ሰጡ፤ ጎንበስ አሉና ያን ከረጢት ታቅፈው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «ተነሱ» አሉን፣ «ዝናቡ ሳይቀድመን ቤቱን እንፈልገው። ልጆቹ እየጠበቁ ይሆናል።» ወይዘሮ ዘነበችም ሮጥ ብለው ወጡና ዱቄቱ እንዳይረጥብ የሚሸፍኑበት የእንሰት ቅጠል ይዘው ተመለሱ።

እኔ የወለድኳቸውን ልጆች ሊፈልጉ ነው እኮ የተነሡት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘልዬ ከረጢቱን ያዝኩና «አባ፣ ያውርዱት፣ በእግዚአብሔር ያውርዱት» እያልኩ አለቀስኩ። ዶክተሩ ደንግጦ ምን አሉ፣ ምን ሆነ ይላል።

«ልጆቹ የሉም ዶክተር» አልኩት። «እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። እዚህ ቤት ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዶክተር ሙሉጌታ ቀስ ብሎ ዱካው ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም። «አሁን ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱም ንገሪያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። በጋሞኛ ስናገረው የበለጠ ከበደኝ፤ እናቴ ፊት የቆምኩ ያህል ነበር። አቶ ማዴ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ዘነበች ግን ጠጋ አሉኝ።

«ስንት አልሽ?»

«ሰባት።»

«ሰባት!» አሉና ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ከዚያ በተጣመመ እጃቸው ከጓሮ ያለውን ጫካ አሳዩኝ። «ሰባት ልጅ ቢኖረኝ ይህ ሁሉ እንሰት ቆሞ ይቀር ነበር?»

ዶክተሩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ይህችን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ተነሥቶ በጓሮ በኩል ወጣ፤ እንሰቱን ሲያይ ቆየ። ተመልሶ ከቦርሳው ባዶ መጠይቅ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ከአንድ ጀምረሽ ጠይቂያቸው» አለኝ። ከዚያም የቀረበለትን ድንች አንሥቶ መብላት ጀመረ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። በአንድ ማዕድ የሚበላ ሰው፣ ሁለት። መሬቱ እኔ ከጻፍኩት እጥፍ ይበልጣል። ትናንት የበሉት አንድ ጊዜ፤ ድንች። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጓሮው በምግብ ተሞልቶ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? ወይዘሮ ዘነበች በትዕግሥት አስረዱኝ። እንሰት ብድግ ብሎ አፍ ውስጥ አይገባም። ይነቀላል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ይቀበራል፣ እስኪብላላ ይጠበቃል። መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው፣ ያውም የብዙ ሴቶች። የእሳቸው እጅ መፋቂያውን መያዝ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በተራ እየመጡ ያግዟቸው የነበሩት ጎረቤቶችም አብረዋቸው አርጅተዋል፤ ልጃገረዶቹ ከተማ ወርደዋል።

መጠይቁ ላይ «ለምግብ እጥረቱ ምክንያት» ከሚለው ሥር የመሬት ማነስ አለ፣ ድርቅ አለ፣ ተባይ አለ፣ የዋጋ ንረት አለ። የእጅ ማጣት የሚል የለም። መጨረሻ ላይ «ሌላ፣ ይገለጽ» ተብሎ አንዲት መስመር ተሰጥታለች። አልበቃችኝም፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሞላሁት። አራት ዓመት ስማር የሕዝብ ብዛት ሲባል የሚታየኝ አፍ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ አፍ ሁለት እጅ ይዞ እንደሚመጣ፣ ሲሄድም ይዞት እንደሚሄድ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ረሃብ የለም አላልኩም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ልንወጣ ስንል አቶ ማዴ ከኮረብታው ጀርባ ያለ ቤት አመለከቱን። ባሏ የሞተባት ሴት አምስት ልጆች ታሳድጋለች። ጎጆዋ ከተሠራ ገና ዓመት ስላልሞላው የቀበሌው ዝርዝር ላይ የለችም። ዱቄቱን እዚያ አደረስነው። ልጆቹ በራፉ ላይ ቆመው ሲያዩን እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ እኔ ሻይ ቤት ውስጥ ረሃብ ስፈጥር እውነተኛው እዚህ ተቀምጦ ነበር።

ስንወርድ ዶክተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙስ አለኝ። እውነት ናቸው አልኩት። «እንዴት ልመንሽ?» አለኝ። ሲቀላ ሲያወርደኝ ቦታዋ የእኔ እንዳልሆነች ነገረኝ።

ለእናቴ ስነግራት ስለ ሥራው ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የደጋ ሰው ናትና ሌላው ነው የከነከናት። «የሰው ቤት በር ሳትረግጪ ልጅ ቆጥረሽበት መጣሽ?» አለችኝ። አለቀስኩ። ጎሜ በእንባ አይታጠብም፣ በእጅ የተበላሸ በእጅ ነው የሚስተካከለው አለችና ቅርጫቷን ወደ ማስተካከሉ ተመለሰች። ሰኞ ዕለት ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ያለ ደመወዝ፣ እሱ የሚያምነው ሌላ ሰው አብሮኝ ሆኖ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ቤት እንደገና ልዙር አልኩት። እሺ አለ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ሦስት የገበያ ባልንጀሮቿን አስከትላ፣ እኔን ከፊት አድርጋ አቀበቱን ወጣች። ወይዘሮ ዘነበች በራፉ ላይ ቆመው በጣታቸው ቆጠሩን። አምስት። «ሁለት ይጎድላል» አሉኝ። እኩለ ቀን ላይ ዶክተር ሙሉጌታ አካፋ ይዞ እያለከለከ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ለስላሳ እጁን ገልብጠው አዩና፣ «ይህ ግማሽ ነው» አሉ። ሳልተረጉምለት ገባውና ሳቀ። ከአቶ ማዴ ጋር ሆኖ ሲነቅል ዋለ፤ እኛ ሴቶቹ ስንፍቅ ዋልን። እኔ የሲቀላ ልጅ ነኝ፣ አላውቅበትም፤ ክንዴ ለሦስት ቀን ማንኪያ አላነሳም አለ። ጉድጓዱ ሲሞላና በቅጠል ሲሸፈን ግን የዚያ ቤት የብዙ ወር ምግብ ከእግራችን ሥር እንደሆነ አየሁ። ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ።

የረዳትነቱን ቦታ ከስድስታችን ሌላዋ ወሰደችው፤ ይገባታል። ሠላሳ ዘጠኙ ቤቶች ተጣርተው ትክክል መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ዶክተሩ መጠይቁ ላይ አንድ ገጽ ጨመረበት፤ በቤቱ ውስጥ ሥራ የሚችል ስንት እጅ አለ፣ ማን ሄደ፣ የትኛው ሥራ ቆመ የሚል። እጅ ያጡ ቤቶች እኛ ከጠበቅነው በላይ ነበሩ። አሁን በዚያ ቀበሌ ሴቶቹ ተደራጅተው እጅ ላጣ ቤት በተራ ይፍቃሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች ከዳር ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ ሲያዝዙ ደግሞ አይጣል ነው። እኔም በዓመቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሳመለክት ዶክተር ሙሉጌታን የድጋፍ ደብዳቤ ለመንኩት። ጻፈልኝ። የዋሸሁትን ከመጀመሪያው መስመር አስቀምጦ፣ ከዚያ ያደረግሁትን አስከትሎ ነበር የጻፈው። እያነበብኩ ፊቴ ጋለ፤ ግን በዚያው ደብዳቤ ነው የገባሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን ወረቀት ላይ «ይህን ያህል ቤተሰብ፣ ይህን ያህል ረሃብተኛ» የሚል ስታዩ ቁጥሩን አትናቁት፤ ብዙ ሰው እግሩ ተልጦ ያመጣው ነው። ግን አቀበቱን ማን ወጣው ብላችሁም ጠይቁ። ሰው ስለማያውቀው ቤት ሲጽፍ ቀድሞ የሚያምነውን ነው የሚጽፈው። እኔ ክፉ ሆኜ አልነበረም፤ የተማርኩት ልክ መሆኑን እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ ቤቱን ማየት ትርፍ ሥራ መስሎኝ ነው።

ዛሬ መረጃ ሰብሳቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከማደሌ በፊት ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣና፣ ታዲያ ወንዙ ቢሞላብን፣ ቀኑ ቢያልቅብን ምን እናድርግ ይለኛል። ባዶውን አምጡልኝ እላቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ቀነ ገደቡ ባለቀበት ጠዋት መጥታ፣ ምንም ያልተጻፈበት መጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «አልደረስኩበትም» አለችኝ። ጎበዝ አልኳትና ጫማዬን ቀይሬ አብሬያት ወጣሁ።